የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ይቀነስ ለሚሉት የኮምቦልቻ አባት

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ የወጣ አንድ ጽሑፍ ደሴም ደርሶ ወላጆችን ሲያነጋግር ሰንብቷል። ጸሐፊው የ9ኛ ክፍል ተማሪ አባት ናቸው። ላላነበበው ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ልጄ ዓመቱን ሙሉ በሒሳብ የምትማረው እርስ በርሱ የማይገናኝ ዘጠኝ ምዕራፍ ነው ይላሉ። ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ማንም አይጠቀምበትም። የሚፈልገው ቢኖር እንኳ ስልኩ ይሠራለታል። የ12ኛ ክፍል ውጤት እንዲህ የወረደውም ሒሳቡ ከልጆቹ አቅም በላይ ስለሆነ ነው። ልጄ ደግሞ ሶሻል ነው የምትገባው፣ ምን ይሠራላታል? ስለዚህ ሒሳቡ ይቀነስና በቦታው ብድር፣ ቁጠባና የገንዘብ አያያዝ ይሰጥ።

አጻጻፋቸው ይጥማል። ሁለት ቦታ ላይ ሳቅ አምልጦኛል። ብዙ ወላጅም "ልክ ናቸው" ብሎ ተቀብሏቸዋል። እኔ ደሴ ውስጥ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። "ለእንጀራው ነው የሚሟገተው" የሚል አይጠፋም። ይባል፣ ግድ የለም። ነጥቦቹን ግን አንድ በአንድ እንያቸው።

"እርስ በርሱ አይገናኝም" ከሚለው ልጀምር።

መጽሐፉ ዘጠኝ ምዕራፍ አለው። ስብስብ፣ የቁጥር ሥርዓት፣ ኢኩዌሽን (እኩልታ)፣ ኢንኢኳሊቲ (ይበልጣል፣ ያንሳል የሚሉት)፣ የትሪጎኖሜትሪ (የሦስት ማዕዘን ጎንና ማዕዘን ዝምድና) መግቢያ፣ ሬጉላር ፖሊጎን (ጎኑም ማዕዘኑም እኩል የሆነ ቅርጽ)፣ ኮንግሩዌንሲና ሲሚላሪቲ (የቅርጾች እኩልነትና ተመሳሳይነት)፣ ቬክተር (መጠንም አቅጣጫም ያለው)፣ መጨረሻ ላይ ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ። ማውጫውን ብቻ ላየ ሰው በእርግጥ የሰኞ ገበያ ጉሊት ይመስላል፤ ሽንኩርቱም ምስሩም የሕፃን ጫማውም አንድ መደብ ላይ። ገባ ብሎ ላየው ግን እንደዚያ አይደለም።

ኤክስ ስኩዌር እኩል ይሆናል 2 የሚለውን ኢኩዌሽን ውሰዱ። እንዲህ ያለው ምዕራፍ 3 ላይ ይመጣል። ምዕራፍ 2ን ያልተማረ ልጅ "መልስ የለውም" ይላል። እውነቱን ነው፤ እሱ ከሚያውቃቸው ቁጥሮች መሀል መልሱ የለም። በክፍልፋይ የማይጻፉ ቁጥሮች እንዳሉ የሚነግረው ምዕራፍ 2 ነው። የኢንኢኳሊቲ መልስ ደግሞ አንድ ቁጥር አይደለም፤ የቁጥሮች ስብስብ ነው። ምዕራፍ 1 እዚያ ሥራ ያገኛል። ሳይን 30 ዲግሪ፣ ማለትም ከ30 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው ጎን ለረጅሙ ጎን ሲካፈል፣ ሁልጊዜ ግማሽ የሚሆነውስ ለምንድን ነው? አንዱ ማዕዘናቸው 90፣ ሌላው 30 ዲግሪ የሆነ ሦስት ማዕዘኖች ሁሉ፣ ትልቅም ሆኑ ትንሽ፣ ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ነው። ይህ ሲሚላሪቲ ነው። የፖሊጎኑ ስፋት በሳይን ይሠራል። የቬክተሩ ርዝመት በፓይታጎረስ፣ አቅጣጫው በታንጀንት (ቁመቱ ለአግድሙ ሲካፈል) ይገኛል። ታዲያ የማይገናኘው የቱ ነው?

እንዲያውም ጸሐፊው ሊይዙት ይችሉ የነበረ እውነተኛ ጉድለት ነበር፤ ሳያዩት አለፉ። ትሪጎኖሜትሪ ምዕራፍ 5 ነው። ትሪጎኖሜትሪ የቆመበት ሲሚላሪቲ ግን ምዕራፍ 7 ነው። 8ኛ ክፍል ላይ ነካ ተደርጎ ቢያልፍም ልጆቹ ረስተውታል። ስለዚህ ሳይን ለምን እንደሚሠራ ሳይገባቸው ሠንጠረዡን ይሸመድዳሉ። ምክንያቱ ከብዙ ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ ያኔ ወደ ኋላ የሚመለስ የለም። እኔ ሳስጠና 7ን አስቀድማለሁ።

ቀጥሎ "ማንም አይጠቀምበትም" ይላሉ። ለዚህ ምስክር አድርገው የሚያቀርቡት አጎታቸውን ነው። አጎት ሰኞ ገበያ እህል ነጋዴ ናቸው። ትምህርታቸው ከ4ኛ ክፍል አላለፈም። ኤክስ የሚባል ነገር ሳያዩ ቤት ሠርተው፣ መኪና ገዝተው፣ ልጆች አስተምረዋል።

አጎትየውን አከብራለሁ። የሰኞ ገበያ ነጋዴ በጭንቅላቱ የሚያሰላውን እኔ እስክሪብቶ ይዤ አልደርስበትም። ግን ኤክስን በስሙ አያውቁትም እንጂ ሲሠሩበት ነው የኖሩት። የመጓጓዣውን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የጆንያውን ቀንሼ በኩንታል ይህን ያህል እንዲተርፈኝ ከገበሬው በስንት ልግዛ ብሎ ወደ ኋላ የሚያሰላ ሰው ኢኩዌሽን እየፈታ ነው። አጎትየው ይህን የተማሩት ከስረው፣ ደግመው ከስረው ነው። ልጅቷ ሳትከስር እንድትማረው ነው ትምህርት ቤት የምንልካት።

ስብስብን ደግሞ "ክብ ውስጥ ክብ መሳል" ብለው ያሾፉበታል። እሺ፣ ክቡን ወደ ቅሬ፣ ማለትም ወደ ሰፈራችን ዕድር፣ እናምጣው። ሁለት ቅሬዎች የሰፈራቸውን መንገድ ለማስጠረግ ሊያዋጡ ነው እንበል። አንዱ 140 አባወራ አለው፣ ሌላው 95። ኮሚቴው ይደምርና 235 ይላል። በአባወራ 200 ብር፣ በጠቅላላው 47 ሺህ ብር። በዚሁ ከባለ ማሽኑ ጋር ይዋዋላል። 30ው አባወራ ግን የሁለቱም ቅሬ አባል ነው። በሁለት መዝገብ ተጽፌአለሁና ሁለቴ ልክፈል የሚል ሰው አላየሁም። ትክክለኛው ቁጥር 205 ነው፤ ገንዘቡም 41 ሺህ። 6 ሺህ ብር ጎደለ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል እናውቃለን፤ ገንዘብ ያዡ በላው። ምስኪኑ ሰውዬ ሳንቲም አልነካም። ሁለት የተደራረቡ ክቦች ስሎ መሀሉ ላይ 30 የሚጽፍ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ኮሚቴው ውስጥ ቢኖር ይህ ሁሉ ሐሜት አይነሳም ነበር።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ ግን ጸሐፊው ራሳቸው የሚመላለሱበት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 600ን ለ25,000 ሲያካፍሉት 0.024 ይመጣል። በየ100 ሜትሩ 2.4 ሜትር መውጣት ማለት ነው። በታንጀንት ወደ ማዕዘን ሲቀየር አንድ ዲግሪ ተኩል እንኳ አይሞላም። ሜዳ ማለት ነው እኮ! ይህን ከጅቡቲ ጭኖ ለመጣ የተሳቢ ሹፌር ንገሩት። በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ሐረጎን የወጣ ሰው "አንድ ዲግሪ ተኩል" ሲሉት ምን እንደሚመልስ እዚህ ልጽፈው አልችልም።

ሹፌሩም ልክ ነው፣ ስሌቱም ልክ ነው። 2.4 አማካይ ነው። ለዘብ ያለውንም ቀጥ ያለውንም አንድ ላይ ጨፍልቆታል። ማርሽ የሚያስቀይረው ግን አማካዩ ሳይሆን ዳገቱ የባሰበት ቦታ ነው። አማካይ ምን እንደሚደብቅ የሚያስተምረው ምዕራፍ 9 ነው። መንገዱ ለምን እንዲህ ተጠማዘዘ ብሎ የሚጠይቅ ልጅም መልሱን ምዕራፍ 5 ላይ ያገኛል። የሚወጣው ከፍታ ያው ነው። መንገዱን ባስረዘምከው ቁጥር ታንጀንቱ ያንሳል። መሐንዲሱ እየዞረ የሄደው መኪናው እንዲወጣ ብሎ ነው። ጸሐፊው በየሳምንቱ ጥቅሙን እያገኙ "ጥቅም የለውም" ማለታቸው ነው ያሳቀኝ አንዱ ቦታ።

"ስልክ ይሠራዋል" የሚለውን ልጆቹም ይሉኛል። በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ተማሪዬ ስኩዌር ሩት 2ን ስልኩ ላይ ነክቶ 1.414213562 አሳየኝ። "ይኸው አለቀ። ለምንድን ነው አያልቅም የምትለን?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እስቲ ይህንኑ ቁጥር በራሱ አባዛው አልኩት። አባዛው። 2 አልመጣም። 1.999999998 ብሎ ሌሎች ቁጥሮች አስከተለ። ትንሽ ጎደለች። "ጥቂት ዲጂት ብጨምርበት ይሞላል" አለ። ስልኩን ወደ ጎን አደረግነውና ወረቀት አወጣን።

አስርዮሹ የሆነ ቦታ ላይ ያልቃል እንበል። የመጨረሻው ዲጂት ዜሮ አይደለም፤ ዜሮ ቢሆን ቀድመን እንሰርዘው ነበር። ስለዚህ ከ1 እስከ 9 ካሉት አንዱ ነው። ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ የውጤቱ የመጨረሻ ዲጂት የሚወሰነው በዚህ ዲጂት ነው። እንሞክራቸው። 1 በራሱ 1። 2 በራሱ 4። 3 በራሱ 9። 4 በራሱ 16፣ መጨረሻው 6። 5 በራሱ 25፣ መጨረሻው 5። የ6 መጨረሻ 6፣ የ7 መጨረሻ 9፣ የ8 መጨረሻ 4፣ የ9 መጨረሻ 1። ዜሮ የትም የለም። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ ሁልጊዜ አንድ የማይጠፋ ዲጂት ይቀራል። ውጤቱ ድፍን 2 ሊሆን አይችልም። 10 ዲጂት ብትጽፍም፣ ሚሊዮን ብትጽፍም።

ልጁ ወረቀቱን ሲያይ ቆየና "ለ4 ግን ይሠራል፤ ስኩዌር ሩቱ 2 ነው" አለኝ። ልክ ነው። 2 ከነጥብ በኋላ ምንም የለውም፤ ማስረጃችን ደግሞ ከነጥብ በኋላ ዲጂት ላላቸው ብቻ ነው። ይህን ራሱ አገኘው። በእርግጥ ይህ የሚያሳየው አስርዮሹ እንደማያልቅ ብቻ ነው። እየተደጋገመ እንደማይሄድ ለማሳየት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እሱም የዚያው የምዕራፍ 2 ጉዳይ ነው። ለሚሊዮን ዲጂት ሳይሞክሩ እርግጠኛ መሆን ይቻላል ወይ ለሚለው ግን መልስ አግኝቷል። ይህን የትኛው ስልክ ነው የሚሠራላቸው?

ወደ ፈተናው ልምጣ። ጸሐፊው የጠቀሷቸው ቁጥሮች ትክክል ናቸው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። አንገት ያስደፋል። ከዚህ ተነስቶ "የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ከአቅም በላይ ነው" ማለት ግን አይቻልም።

ለምን ቢባል፣ 50 በመቶው የሁሉም ትምህርት ድምር ነው። ሒሳብ ለብቻው ስንት እንደመጣ ከዚያ ቁጥር አይታይም። የ2014 ተፈታኞች 9ኛ ክፍል የነበሩት ደግሞ በ2011 ነው፤ የ2015ቶቹ በ2012። የተማሩት በድሮው መጽሐፍ ነው። በድሮው መጽሐፍ ውጤት አዲሱን መክሰስ ምን ይሉታል? በዚያ ላይ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ የ2014ቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ኩረጃ ሲጠብ ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም። እነዚያ ልጆች 10ኛ ክፍል ሳሉ መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ያን ኅዳር እዚህ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል፤ ማንም ስለ ሳይንና ኮሳይን አያስብም ነበር።

ልጆቹ ደካማ ናቸው ወይ? ብዙዎቹ፣ አዎ። ድካሙ ግን 9ኛ ክፍል ላይ አልተጀመረም። አንድ ኢኩዌሽን ላሳያችሁ። የአንድ ቁጥር ሲሶና የዚያው ቁጥር ሩብ ሲደመር 14 ይሆናል፣ ቁጥሩ ስንት ነው? ኤክስ ለ3 ሲደመር ኤክስ ለ4 እኩል ይሆናል 14። ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ይደምሩና 2 ኤክስ ለ7 ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ሁሉ ንጹሕ ነው። አባዝተው፣ አካፍለው፣ 49 ይላሉ። ኢኩዌሽኑን ያውቁታል ማለት ነው። የማያውቁት የክፍልፋይ ድምር ነው። ትክክለኛው መልስ 24 ነው፤ ሲሶው 8፣ ሩቡ 6፣ ድምሩ 14። ይህ ከ9ኛ ክፍል ብዙ በፊት ማለቅ የነበረበት ጉዳይ ነው። በአማርኛ ሲማር የኖረ ልጅ 9ኛ ክፍል ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ መሆኑ ሲጨመርበት ክፍተቱ ይሰፋል። ጸሐፊው 9ኛ ክፍልን ቀንሱ ሲሉ ጉድጓዱን ትተው ጉድጓዱ የታየበትን ቦታ ነው የሚከስሱት።

አሁን የብድሩን ጉዳይ እንየው። ገንዘብ አያያዝ ይማሩ የሚለውን አልጠላሁትም። ግን በምን ይማሩት? ጸሐፊው ራሳቸው ምሳሌ ሰጥተዋል። 100 ሺህ ብር፣ በ15 በመቶ ወለድ፣ ለአንድ ዓመት፣ በየወሩ እኩል ክፍያ። ወለዱ 15 ሺህ። ድምሩ 115 ሺህ። ለ12 ሲካፈል በወር 9,583 ብር ከ33 ሳንቲም። "ልጄ ይህን ካወቀች ይበቃታል" ይላሉ።

አይበቃትም። ማካፈሉ ልክ ነው። 15 በመቶ የሚለው ነው ልክ ያልሆነው። መጀመሪያ ላይ እጅዎ ያለው 100 ሺህ ነው። ስድስት ወር ሲከፍሉ ከዋናው ግማሽ ያህሉን መልሰዋል። በመጨረሻው ወር እጅዎ ላይ የቀረው ከዋናው አንድ አስረኛ አይሞላም። ወለዱ ግን ዓመቱን ሙሉ 100 ሺህ እንደያዙ ተደርጎ ነው የታሰበው። ዓመቱን በአማካይ የያዙት 54 ሺህ ብር ገደማ ነው። 15 ሺህን ለዚያ ያካፍሉት። 28 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህ የእጅ ግምት ነው፤ ጠንቅቆ ሲሠራ 26 ተኩል አካባቢ ነው።

ሌላ አበዳሪ ደግሞ መጥቶ "የኔ 20 በመቶ ነው" ይላል። ወለዱን የሚያስበው ግን በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው። ወርሃዊ ክፍያው 9,263 ብር ገደማ ይሆናል። የዓመቱ ወለድ በጠቅላላው 11,161 ብር ገደማ። 15 በመቶ ያለው 15 ሺህ ብር ወሰደ፤ 20 በመቶ ያለው ከ12 ሺህ በታች። ባጃጅ ሊገዛ የተነሳ ወጣት የትኛው በር ላይ ይሰለፋል? 15 የተጻፈበት በር ላይ ነዋ። ማካፈል ስለማይችል አይደለም። አማካይ ምን እንደሆነ፣ ቀሪው ዕዳ በየወሩ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ሁለት አማራጭ እንዴት ተጽፎ እንደሚወዳደር ስላልተማረ ነው። አማካዩ ምዕራፍ 9 ነው፣ መጻፉ ምዕራፍ 3፣ ማወዳደሩ ምዕራፍ 4። ሙሉ ቀመሩ ከፍ ባለ ክፍል ይመጣል፤ መሠረቱ ግን ጸሐፊው ይቀነስ የሚሉት ነው። ብድሩን እንደ ምሳሌ ወደ ሒሳቡ እናስገባው ቢሉኝ ነገውኑ እፈርማለሁ።

የሶሻሉ ነገር ብዙ አያነጋግርም። ሶሻል የገባችም 11ኛና 12ኛ ላይ ሒሳብ ትማራለች፣ ትፈተናለችም። ኢኮኖሚክስ ወይም አካውንቲንግ ካጠናች ደግሞ ከስታቲስቲክስ አታመልጥም። በዚያ ላይ በ14 ዓመቷ ሶሻል ናት ብሎ የወሰነላት ማን እንደሆነ ብትጠየቅ ጥሩ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልቀበላቸው። "ዓመቱ አልቆ መጽሐፉ አያልቅም" ያሉት እውነት ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ሰኔ ደጃፍ ላይ ይደርሳል። በጥድፊያ ኖት ይጻፋል፣ ፎርሙላው ይሸመደዳል፣ ፋይናል ይመጣል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሜ ያነሳሁት አማካይ፣ ማለትም ሐረጎንም ብድሩንም የፈታልን፣ ከሁሉ በጣም የሚዘለለው እሱ ነው። መፍትሔው ግን መጽሐፉን መቀነስ አይመስለኝም፤ ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ከ1 እስከ 4 ያለው እንዳለ ይሂድ። ከዚያ ቀጥታ ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ፣ ልጆቹ ገና ትኩስ ሳሉ። ከዚያ ሲሚላሪቲ፣ ከዚያ ትሪጎኖሜትሪ፣ ከዚያ ቬክተር። ሬጉላር ፖሊጎን መጨረሻ ላይ ይምጣ። ካልተደረሰበትም ይቅር፤ ሳይን የገባው ልጅ የፖሊጎንን ስፋት በአንድ ከሰዓት ይማረዋል።